ከሥሩ ውኃ ያለበት ካቴድራል፦ የዊንቸስተር የመሠረት ጥገና (1905–1912)

የአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች ሲነሱ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ግንባታቸው ነው። ማን አሠራው፣ ስንት ዓመት ፈጀ፣ ቁመቱ ስንት ነው። ሳይፈርሱ እንዴት እዚህ እንደደረሱ ግን ብዙም ጠያቂ የለም። ለእኔ ጣፋጩ ታሪክ ያለው እዚያ ጋ ነው።

እዚህ የማነሳው በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘውን የዊንቸስተር ካቴድራል ነው። ከ1905 እስከ 1912 የተደረገለት ጥገና ለሕንፃ ባለሙያም፣ ለቅርስ ጠባቂም፣ ቤት ለሚሠራ ተራ ሰውም የሚሆን ነገር አለው። ሰዎቹን በስም አልጠራም። አርክቴክቱ፣ መሐንዲሱ፣ ጠላቂው እያልኩ በሥራቸው እሄዳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

ዊንቸስተር በአንድ ወቅት ዌሴክስ የተባለው የጥንት የእንግሊዝ መንግሥት ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ነባሩ ቤተ ክርስቲያን አልበቃቸውም። ከጎኑ ሌላ፣ በጣም ትልቅ ካቴድራል ጀመሩ። ሥራው በ1079 ተነሣ፣ በ1093 ተባረከ፣ አሮጌው ፈረሰ። አሁን ያለው ሕንፃ 170 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከአውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች በርዝመት ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነው።

ስለ እንጨቱ የሚነገር አንድ ወግ አለ። ንጉሡ ለጳጳሱ ከአንድ ደን በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆርጠው መውሰድ የቻሉትን ያህል ፈቀዱላቸው። ጳጳሱም የአካባቢውን እንጨት ቆራጭ በሙሉ ጠርተው ደኑን ጠራርገው ወሰዱት። ንጉሡ በኋላ ቦታውን ሲያዩ ክው አሉ ይባላል።

እንጨትና ድንጋይ አልጠፋም። ችግሩ ቦታው ነበር። ከተማዋ የኢችን ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ትንሽ ከተቆፈረ ውኃ ይመጣል።

ሕንፃው ገና በለጋነቱ አንድ ጊዜ ተደርምሷል። በ1107 መካከለኛው ማማ ወደቀ። ከ7 ዓመት በፊት አደን ላይ በቀስት ተመተው የሞቱ ንጉሥ ከማማው ሥር ተቀብረው ነበርና ወሬው ወዲያው ተነዛ፤ እንዲህ ያለ ኃጢአተኛ እዚህ ስለተቀበረ ነው ተባለ። የዘመኑ አንድ ታሪክ ጸሐፊ ይህን አሉባልታ ከመዘገበ በኋላ፣ ማማው በደንብ ስላልተሠራ ያለ ንጉሡም ሊወድቅ ይችል ነበር የሚል ሐሳብ አክሎበታል። ከ900 ዓመት በፊት! ዛሬም ቢሆን ሳይት ላይ እንደሱ የሚያስብ ሰው በፋኖስ ተፈልጎ አይገኝም።

በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሌላ ጳጳስ የምሥራቁን ጫፍ ለማስረዘም ወሰኑ። የከተማዋ የጥንት ጳጳስ የነበሩትን የቅዱስ ስዊዙንን አጽም ሊሳለም የሚመጣው ሕዝብ በዝቶ ቦታ ጠቦ ነበር። የኛ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ጭማሪ ነው። አዲሱ ክፍል ያረፈው ረግረግ ላይ ነው። ግንበኞቹ እስከ ጠንካራው መሬት መውረድ አልቻሉም፤ ውኃው ላይ ሲደርሱ ከዚያ በታች የሚያወርድ መሣሪያ አልነበራቸውም። ስለዚህ ቢች የተባለውን ዛፍ ግንድ በግንድ አጋድመው ረበረቡና ድንጋዩን ርብራቡ ላይ ገነቡት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚል ካለ ትንሽ ይታገስ። ያ ርብራብ 700 ዓመት ይዟል። እኔ የማውቃቸው አንዳንድ ፎቆች 7 ዓመትም አልያዙም።

በመሀል ብዙ ነገር ተቀያይሯል። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዋናው አዳራሽ አዲስ መልክ ተሰጠው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከደቡቡ ግድግዳ ጋር ተያይዞ የነበረው የመነኮሳቱ ባለ ጣሪያ መተላለፊያ ፈረሰ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ስንጥቁ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የምሥራቁ ክፍል መፍረስ ጀምሯል ቢባል ማጋነን አይደለም። ግድግዳዎቹ ወደ ውጭ አጋድለዋል። አንዳንዱ ስንጥቅ ጉጉት ይሰፍርበታል እስኪባል ሰፍቷል። ከላይ የድንጋይ ቁራሽ ይወድቃል።

የነገሩ አሠራር ቀላል ነው። የድንጋይ ጣሪያው ቅስት ነው፤ ቅስት ደግሞ ሁልጊዜ ሁለቱን ግድግዳዎች ወደ ውጭ ይገፋል። ግድግዳው ከሥሩ ሲሰጥምና ሲያጋድል ቅስቱ ይከፈታል። የተከፈተ ቅስት ደግሞ ይበልጥ ይገፋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል፤ ፍጥነቱም እየጨመረ ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ የተለመደው ፈተና ስንጥቁን በማልታ ደፍኖ፣ ቀለም አስነክቶ መሄድ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። በ1905 የተጠራው አርክቴክት ይህን አላደረገም። መጀመሪያ ሕንፃው ባለበት እንዲቆይ አደረገ፦ ከውጭ በወፍራም ግንድ አስደገፈ፣ ከውስጥ ቅስቶቹን በእንጨት ተሸከመ፣ የሚለያዩትን ግድግዳዎች በብረት አሰረ። ይህ መድኃኒት አይደለም። ጊዜ መግዣ ነው። በተገዛው ጊዜ ደግሞ ከእሱ የተሻለ አፈር የሚያውቅ ሰው ጠራ።

ይህ ሁለተኛው ውሳኔ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ስመ ጥር አርክቴክት ነበር፤ ካቴድራሉን የሚያህል ሥራ ይዞ ይህ የኔ ሙያ አይደለም ብሎ መሐንዲስ መጥራት ቀላል አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው እኮ ተቃራኒውን ነው።

የሙከራ ጉድጓዱ

መሐንዲሱ እንደመጣ ከግድግዳው አጠገብ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፈረ። ከላይ አፈርና የድሮ መቃብር አለ። ከዚያ የግንዱ ርብራብ። ከሱ ሥር ጭቃማ አፈር። ከዚያ ደግሞ ዋናው ጥፋተኛ ተገኘ፤ ፈረንጆቹ ፒት የሚሉት፣ ሣርና ሥር ለሺህ ዓመታት ውኃ ውስጥ ተኝቶ በከፊል በስብሶ የሆነው ጥቁር አፈር። ጭነት ሲያርፍበት ልክ እንደ እርጥብ ስፖንጅ እየተጨመቀ ይሄዳል። ከሁሉም በታች፣ ከመሬት ወደ 6 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት፣ የማይነቃነቅ የጠጠር ንጣፍ አለ።

አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከሕንፃው አንዱ ክፍል በአንድ ዓይነት መሠረት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት መሠረት ላይ ነው የቆመው፤ ሁለቱ እኩል አይሰጥሙም። ስንጥቁም የመጣው ከዚያ ነው። መፍትሔውም በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ከግድግዳው ሥር እስከ ጠጠሩ ወርዶ አዲስ መሠረት መሥራት።

በወረቀት ላይ።

ፓምፑ ለምን አላዋጣም

እቅዱ ይህ ነበር። ከግድግዳው ሥር ጠባብ ጉድጓድ ትቆፍራለህ፣ ፒቱን ታወጣለህ፣ ጠጠሩ ላይ ስትደርስ በኮንክሪት ትሞላዋለህ። ከዚያ ራቅ ብለህ ሌላ። ጎን ለጎን በአንዴ አይቆፈርም፤ ግድግዳው በምን ይቆማል?

ችግሩ የመጣው ፒቱ ሲቀደድ ነው። ውኃው ከሥር፣ ከጠጠሩ ውስጥ፣ ተገፍቶ ወጣ። በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ ቀረበ። ውኃውን መቋቋም ግን አቃተው።

የበለጠ ኃይል ያለው ፓምፕ ማምጣትስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚስተው። ፓምፑ የሚስበው ውኃ ብቻ አይደለም። ከውኃው ጋር ከመሠረቱ ሥር ደቃቅ አሸዋና አፈር አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ፓምፑ በረታ ማለት ሕንፃውን የተሸከመው መሬት በቱቦ እየተመጠጠ ሄደ ማለት ነው። ጉድጓዱን ለማድረቅ ብለህ ካቴድራሉን ታወርደዋለህ።

መሐንዲሱ ጥያቄውን ገለበጠው። ውኃውን ማስወጣት ካልቻልን፣ ውኃው ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ሰው እናምጣ አለ።

ጠላቂው

የመጣው ሰው የባሕር ጠላቂ ነው። መርከብና ወደብ ላይ የሚሠራ ሙያተኛ ከባሕር ርቆ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ መቃብር መሀል በተቆፈረ ጉድጓድ ሊሠራ መጣ። ሥራው ከ1906 እስከ 1911 ቆየ።

ልብሱ ከነቆቡና ከነጫማው ወደ 90 ኪሎ ይመዝን ነበር። አየር የሚደርሰው ከላይ ባለ የእጅ ፓምፕ፣ በቱቦ በኩል ነው። ጉድጓዱ ውስጥ እንደገባ ምንም አይታየውም። ውኃው በፒት ስለደፈረሰ መብራት ቢያወርዱለትም አይጠቅምም። ስለዚህ በዳበሳ ነው የሠራው። በቀን ስድስት ሰዓት ያህል፣ እስከ 6 ሜትር ጥልቀት፣ በድፍን ጨለማ።

ሥራው ቅደም ተከተል ነበረው። መጀመሪያ የቀረውን ፒት በእጁ እየቆረጠ ወደ ላይ ይልካል። እግሩ ጠጠር ሲነካ መሬቱን ያስተካክላል። ከዚያ ኮንክሪት የተሞሉ ከረጢቶች ይወርዱለታል። ጎን ለጎን ይደረድራል፣ በጫማው ይረግጣል፣ ከረጢቱን በቢላዋ ይቀድዳል፤ ኮንክሪቱ ከጎረቤቱ ጋር እንዲያያዝ ነው የሚቀደደው። በላዩ ሌላ ረድፍ፣ በላዩ ሌላ። ይህ ንጣፍ ሲደርቅ እንደ ክዳን ሆነ። ውኃው ከሥር መግባቱ ቆመ። አሁን ፓምፑ ተመልሶ ይመጣል፤ ውኃው ይወጣል፤ አሸዋ ግን አብሮ አይወጣም። የቀረውን ግንበኞች በደረቅ ጉድጓድ፣ በብሎኬትና በጡብ፣ እስከ አሮጌው ግንብ ሥር ድረስ ገነቡት።

ለምሳ ሲወጣ ቆቡን ብቻ ነበር የሚያወልቀው፤ ሙሉውን ልብስ ማውለቅና መልሶ መልበስ ጊዜ ይፈጃል። እንዲያ ልብሱን እንደለበሰ ተቀምጦ ይበላል፣ ፒፓውን ያጨሳል፣ ተመልሶ ይገባል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከለንደን በስተደቡብ ወዳለችው ክሮይደን፣ ወደ ቤቱ፣ በብስክሌት ይሄድ ነበር ይባላል። ከዚያ ሁሉ ሥራ በኋላ ብስክሌት!

ቁጥሮቹን እንይ። በደቡብና በምሥራቅ በኩል 235 ያህል ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። 25,800 የኮንክሪት ከረጢት፣ 114,900 የኮንክሪት ብሎኬት፣ 900,000 ጡብ ገብቷል። ከረጢቱን ለጉድጓዶቹ ብናካፍለው ለአንዱ ከ100 በላይ ይደርሳል። ጉድጓዶቹን ለዓመታቱ ስናካፍል ደግሞ በአማካይ በሳምንት አንድ እንኳ አይሞላም። ይህን ሥራ ማፋጠን አይቻልም ነበር። ቢፋጠን ብዙ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ያ ደግሞ ማንም የማይፈልገው ነገር ነው።

ዛሬ በከተማዋ ጠላቂው ካቴድራሉን በሁለት እጁ ያዳነ ሰው ተብሎ ነው የሚታወቀው። ይገባዋል። ግን ከላይ ቱቦውን የያዘ አለ፣ አፈር ያጋዘ አለ፣ ጡብ የደረደረ አለ። ታሪክ አንድ ጀግና ይበቃዋል፤ ሳይት ግን አይበቃውም።

ከመሠረቱ በላይ

መሠረቱ ሲጠነክር ወደ ግድግዳው ተመለሱ። የመካከለኛው ዘመን ወፍራም ግንብ ከውጭና ከውስጥ ጥርብ ድንጋይ ሆኖ መሀሉ ብዙ ጊዜ ፍርስራሽ ሙሌት ነው። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ሙሌቱ ይላላል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። መሐንዲሱ ለለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎች ያገለግል የነበረ መሣሪያ አመጣ። በታመቀ አየር የግድግዳውን ውስጥ አቧራ ያራግፋል፣ በውኃ ያጥባል፣ ከዚያ ሲሚንቶውን አቅጥኖ፣ እኛ ቦያካ የምንለውን፣ በግፊት ያስገባል። በሆዱ ባዶ የነበረ ግድግዳ እንደገና አንድ አካል ሆነ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ የደቡቡ ግድግዳ አሁን መጣ። መተላለፊያው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲፈርስ ግድግዳው ከጎን የነበረውን ድጋፍ አጥቷል፤ እሱም ወደ ውጭ እያጋደለ ነበር። በመጨረሻው ምዕራፍ በዚህ በኩል 10 ደጋፊ ቅስቶች ተሠሩለት። ስትጎበኙት የመካከለኛው ዘመን ሊመስሏችሁ ይችላሉ፤ የተሠሩት ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው።

የምስጋናው ጸሎት የተደረገው በቅዱስ ስዊዙን ቀን፣ ሐምሌ ላይ፣ በ1912 ነው። ንጉሡና ንግሥቲቱ ተገኙ፤ ጠላቂው ተሸለመ። እንግሊዞች በዚህ ቅዱስ ቀን ከዘነበ 40 ቀን ይዘንባል ይላሉ። ውኃ ላይ የቆመ ሕንፃ ቅዱሱም የዝናብ መሆኑ ያስቃል። ጠላቂው ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1918፣ እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው ወረርሽኝ ሞተ።

የሠራውና ያልሠራው

ዋናው ነገር ሠርቷል፤ ሕንፃው ቆሟል። መሠረቱን ከግድግዳው ማስቀደሙ፣ ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ ጊዜያዊ ድጋፉን ማቆሙ ልክ ነበር።

ፓምፑን ብቻ ይዞ መግባት አልሠራም። ያጋደለው ግድግዳም አልቀናም። ማቅናት ማለት እንደገና ማንቀሳቀስ ነው፤ እነሱ የፈለጉት እንዲቆም ነው፤ ስለዚህ በምሥራቁ ክፍል ውስጥ ሲቆሙ ማጋደሉ ዛሬም በዓይን ይታያል። ውኃውም አልሄደም። የካቴድራሉ ምድር ቤት እስከ ዛሬ በፈረንጆቹ የብርድ ወራት በውኃ ይሞላል። አንዳንድ ጎብኚ ይህን ሲያይ ጥገናው ከሽፏል ብሎ ይደነግጣል። ጥገናው ግን ውኃውን የማባረር ዓላማ አልነበረውም።

ገንዘቡም ቀላል አልነበረም። ጠቅላላ ወጪው 113,000 ፓውንድ ደርሷል፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ብር ነው። ምሥራቁን ለማዳን የተጀመረ ሥራ ወደ ደቡቡ ግድግዳም ተሻገረ። የድሮ ሕንፃ እንዲህ ነው፤ አንዱን ስትነካ ሌላው ይናገራል።

ለሌላ ሥራ የሚወሰደው

ከስንጥቅ በፊት መሬቱን እዩ። አዲስ አበባ ዋልካ ላይ ቤት የሠራ ሰው ይህን በኪሱ ተምሯል፤ ግድግዳውን በየዓመቱ ያስለስናል፣ ስንጥቁ በየዓመቱ ይመለሳል። የመሬቱ ባሕርይ ከዊንቸስተር ይለያል፤ ዋልካው ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ምርመራው ግን ያው ነው። አንድ የሙከራ ጉድጓድ ከአሥር ልስን ይረክሳል።

መጀመሪያ አስደግፉ፣ ከዚያ አጥኑ። የሚወድቅ ነገር ሥር ቆሞ ስብሰባ መጥራት አይቻልም። ድጋፉ ግን ሥራው ያለቀ እንዳያስመስል፤ ስንት ጊዜያዊ ድጋፍ አይተናል ቋሚ ሆኖ የቀረ።

መሣሪያ አልሠራ ሲል ትልቁን መሣሪያ ከማዘዝ በፊት ምን እያደረገ እንደሆነ ማየት ይበጃል። እዚህ ፓምፑ የጠፋበት ነገር ጉልበት አልነበረም። ከቱቦው የሚወጣውን ውኃ ቀለም ያየ ሰው ነው ችግሩን የሚይዘው፤ ደፍርሶ ከወጣ መሬት እየወጣ ነው።

ቅጥያ ስትሠሩ መገጣጠሚያውን ጠርጥሩ። የዊንቸስተር ጣጣ የመጣው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከተጨመረ ክፍል ነው። ስታፈርሱም እንዲሁ፤ የመነኮሳቱ መተላለፊያ ሲፈርስ ከመተላለፊያነቱ ሌላ ምን ይሠራ እንደነበር የጠየቀ ያለ አይመስልም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስለ መዝገብ አያያዝ ነው። በ1964 ለጠላቂው መታሰቢያ ትንሽ ሐውልት ቆመለት። ቀራጺው የሠራው በድሮ ፎቶ ነው። ከፎቶው ላይ ግን ሰው ተሳሳተ፤ በጠላቂ ልብስ የተቀረጸው ፊት የመሐንዲሱ ሆነ። ስህተቱ ታውቆ ትክክለኛው ሐውልት የተተካው በ2001 ነው። ስለዚህ የሳይት ፎቶ ስታነሱ ማን ማን እንደሆነ በዚያው ቀን ጻፉበት።